የጥርስ ብሪጅ ለምታሠሩ፦ ከዋጋው በፊት መጋጠሚያውን ጠይቁ

«መሃል ከተማ ላይ ብሪጅ የት ላሠራ? ዚርኮኒያ ነው ፖርስሊን የሚሻለው?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ። ሁለቱም ለጥርስ የሚሆኑ ሴራሚኮች፣ ማለትም ሸክላ መሰል ቁሶች ናቸው። ሁለቱንም በአፌ ይዤ አይቻለሁና የማውቀውን ልንገራችሁ። ቦታው የታችኛው ግራ መንጋጋዬ ነው። አንድ ጥርስ ተነቅሏል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ተሞርደው ብሪጁን ተሸክመዋል።

የመጀመሪያው ውስጡ ብረት፣ ላዩ ፖርስሊን ነበር። ሁለት ዓመት በቅጡ ሳይሞላው፣ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ ቆሎ ስቆረጥም ቀጭ አለ። ድንጋይ መስሎኝ መዳፌ ላይ ተፋሁት። የገብስ ፍሬ የምታክል ነጭ ስባሪ ናት። በምላሴ ስነካው ብረቱ ወጥቶ ይቆረቁራል። ወደሠራልኝ ክሊኒክ ስመለስ «ጋሼ፣ ታዲያ ማን ቆሎ ብሉ አለዎት?» አሉኝ። በጣም አዘንኩ። ለአዲስ አበባ ሰው ብሪጅ ሲሠራ ቆሎው አብሮ መታሰብ አለበት።

ከዚያ ሦስት ቦታ ዞርኩ። ፒያሳ ያለው አፌን በደንብ ሳያይ «ዚርኮኒያ ያድርጉ፣ አይሰበርም» ብሎ ዋጋ ጻፈልኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ስታዲየም አካባቢ ያለው ጥሩ ነው። ሥራውን ከክሊኒኩ ውጭ ላለ ላብራቶሪ ይልካል፣ ብረትና ፖርስሊን ላይ ልምድ አለው፣ ዋጋውም ይቀላል። እኔ ያሠራሁት ግን ሜክሲኮ ነው። ዶክተሯ ገና ከመቀመጤ «ጋሼ፣ ቆሎ ይወዳሉ? ማታ ጥርስዎን ያፋጫሉ?» ብላ ጀመረች። እዚያው ልቤ አረፈ።

አሮጌውን ቆርጣ ካወጣች በኋላ ለክታ አሳየችኝ። የውስጡ ብረት መጋጠሚያው ላይ ስስ ነበር። መጋጠሚያ የምለው መሃል ላይ የተንጠለጠለው ጥርስ ከተሸካሚዎቹ ጋር የሚገናኝበትን ቀጭን ቦታ ነው። ከዚያ ላጲስ አወጣች። ሆዱ ላይ በምላጭ ትንሽ ጫር አድርጋ ሁለት ብዕሮች ላይ አጋደመችውና መሃሉን በጣቷ ተጫነች። ጭረቱ አፉን ከፈተ። «ሲያኝኩ ይህ ነው የሚሆነው» አለችኝ። ብሪጁ ከላይ ይጨመቃል፣ ከታች በድድ በኩል ይሳባል። ሴራሚክ መጨመቅን ይችላል፣ መሳብን ግን አይወድም። ስንጥቁም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከመጋጠሚያው ሥር ነው።

እዚህ ላይ ነው የተሠራበት ነገር ለውጥ የሚያመጣው። ላይ የሚለበጠው ፖርስሊን ብቻውን ጫናው 100 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) አካባቢ ሲደርስ ይሰበራል። ኢማክስ የሚባለው የመስታወት ዓይነት ሴራሚክ 400 ገደማ ይችላል። የተለመደው ጠንካራ ዚርኮኒያ 1000 አካባቢ ነው፤ እንደ ተፈጥሮ ጥርስ ብርሃን የሚያሳልፈው ዓይነት ግን ከዚህ በብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ «ዚርኮኒያ» ሲሏችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ለሦስት ጥርስ ብሪጅ ከኋላ ሲሆን ዚርኮኒያ መጋጠሚያው 9 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ይፈልጋል። ኢማክስ እስከ 16 ይፈልጋል፤ ለትልልቆቹ መንጋጋዎች ደግሞ አይመከርም። ጥርሳችሁ አጭር ከሆነ ያ ሁሉ ቦታ ከየት ይመጣል?

ግትርነት፣ ማለትም ሲጫኑት አለመጉበጥ፣ ከጥንካሬ ሌላ ነገር ነው። ዚርኮኒያና ለብሪጅ የሚሆነው ብረት ኮባልት ክሮም 200 ጊጋፓስካል (የግትርነት መለኪያ) አካባቢ ናቸው። የጥርሳችን ዋና አካል ዴንቲን 18 አካባቢ፣ ለጊዜያዊ ብሪጅ የሚሆነው አክሪሊክ ደግሞ 3 ገደማ ነው። ግትሩ ብዙም አይጎብጥም፤ ጫናውን ራሱ ውስጥ ይይዘዋል። ለስላሳው ይጎብጥና ጫናውን ወደ ሲሚንቶውና ወደ ተሸካሚዎቹ ጥርሶች ይገፋዋል። አክሪሊክ በርካሽ አግኝታችሁ ዓመታት ልታኖሩት አታስቡ። የእኔም ብረት ስስ ስለነበር ትንሽ ጎበጠ፣ ላዩ ያለው ፖርስሊን ግን አብሮ መጉበጥ አልቻለም።

ሜክሲኮ ያሠራሁት ሙሉ ዚርኮኒያ ነው፤ ላዩ ላይ የተለበጠ የለም። ብሪጁ በማሽን ተቆርጦ ከመሠራቱ በፊት መጋጠሚያውን ስክሪን ላይ አሳይታኛለች። ሲገጠም ባለቀለም ወረቀት አስነከሰችኝ፣ ከፍ ያለውን በውሃ እያቀዘቀዘች ሞረደች፣ ከዚያ ረጅም ሰዓት ወስዳ አለሰለሰችው። ይህን አትለፉት። ሻካራ ዚርኮኒያ ትይዩ ያለውን የራሳችሁን ጥርስ ይበላዋል። ዋጋው ከስታዲየሙ ወደድ ይላል፤ ለእኔ ግን ተገቢ ነው። አንድ ጉድለት አለው፤ ወደፊት ማውጣት ቢያስፈልግ መቁረጡ አድካሚ ነው።

ሁለት ጥርስ ተከታትሎ የጎደለብሽ እህቴ፣ ያንቺ ከእኔ ይለያል። የተንጠለጠለው ርዝመት እጥፍ ሲሆን መጉበጡ 8 እጥፍ ይሆናል። የመጋጠሚያው ቁመት እጥፍ ሲሆን ደግሞ መጉበጡ ወደ አንድ ስምንተኛ ይቀንሳል። ስለዚህ ኢማክስ ቢሉሽ እሺ አትበይ። በአንድ በኩል ብቻ ተይዞ የሚንጠለጠል ቢሉሽም እንደዚያው። ወይ ወፍራም መጋጠሚያ ያለው ጠንካራ ዚርኮኒያ፣ ወይ ውስጡ ብረት የሆነውን ጠይቂ፤ ለረጅም ብሪጅ ብረቱ ዛሬም የታመነ ነው። ስታዲየም ያለውን በመጀመሪያ የምጠቁምሽ ለዚህ ነው። ኢምፕላንትም (አጥንት ውስጥ የሚተከለው) ይሆን እንደሆነ እዚያው ጠይቂያቸው። ኤክስሬይሽን ይዘሽ ሂጂ። አድራሻውን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።