ሎጋንን ትቼ ኢላይንና ቪኪን ይዤ ወጣሁ፤ መንገዱ ተዘግቶብኝ ይሆን?

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን የዋጄት አይ ጌምስን «አናቫውድ» የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ እየተጫወትኩ ነው። ለማታውቁት፣ ታሪኩ የሚካሄደው ኒውዮርክ ውስጥ ነው። ጋኔን ሰፍሮበት ዓመት ሙሉ ከተማውን ሲያምስ የኖረ ሰው ትሆናላችሁ፤ ጋኔኑ ሲወጣ ካዳኗችሁ ሰዎች ጋር ጥፋቱን ትከታተላላችሁ። ተኩስ የለበትም፤ በማውስ መጠቆም፣ መጠየቅና ማሰብ ነው። ለየተልዕኮው የሚወሰዱት ሁለት ጓዶች ብቻ ናቸው። ኢላይንና ቪኪን ወሰድኩ፤ አሁን ግን ንክች የሚል ነገር አጣሁ። ከሙታን ጋር የሚነጋገረው ሎጋን ስለቀረ ይሆን? ከመጀመሪያው ልጀምር? ሌላም አለ፦ በወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ ስከፍተው ድምፁ ይሰማል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦
ኧረ እንዳትጀምር! ጨዋታው የተሠራው ማንኛውም ጥንድ መውጫ እንዲኖረው ተደርጎ ነው። ሎጋን መንፈስ አነጋግሮ የሚያገኘውን ፍንጭ አንተ በሌላ በር ታገኘዋለህ። ቪኪ የቀድሞ ፖሊስ ናት፤ ፖሊስ በቆመበት ቦታ እሷን አስቀድም። ኢላይ የእሳት አስማተኛ ነው፤ የተቃጠለ ወረቀት ካየህ አመዱን ለእሱ ተወው፣ ተጽፎበት የነበረውን ያነብልሃል። ሁለቱንም ደጋግመህ አነጋግራቸው። ብዙ ሰው ዕቃ ሲለቅም ይውልና አጠገቡ የቆመውን ጓደኛውን ይረሳል።

ሸዋ በር (ደሴ)፦
ጥቁሩ ስክሪን ቀላል ነው፤ ላፕቶፑ ደህና ነው ማለት ይቻላል። ጨዋታው የተሠራው አድቬንቸር ጌም ስቱዲዮ በሚባል የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። የተጫነበትን ፎልደር ክፈትና «ዊንሴታፕ» የሚለውን ፋይል አስነሳ። ግራፊክሱ ዳይሬክት ሥሪዲ ላይ ከሆነ ወደ ኦፕንጂኤል ቀይረው። እምቢ ካለ በሙሉ ስክሪን ሳይሆን በመስኮት እንዲከፈት አድርገህ ሞክር። ደግሞ መብራታችንን ታውቀዋለህ፤ ባትሪው የደከመ ከሆነ ወደ ተልዕኮ ከመውጣትህ በፊት በአዲስ ስም አስቀምጥ፣ በአሮጌው ላይ አትደርብ። ያስቀመጥከው በተጠቃሚ ስምህ ሥር «ሴቭድ ጌምስ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ስለሚገባ በፍላሽ ገልብጠህ ወደ ሌላው ኮምፒውተር ትወስደዋለህ።

የሐይቅ ልጅ፦
ወንድሜ፣ የእነሱ ምክር በቂ ነው፤ እኔ ስለ ማንዳና ልጨምር። አባቷ ጂኒ የሆነችውን ባለ ሰይፍ ቤት አስቀርተሃታል እኮ! ጂኒ ሲወራበት ያደገ ወሎዬ እንዴት እሷን ይተዋል? ቀልዱን ልተወውና፣ ጓዶቹ መንገድ ላይ እርስ በርስ የሚያወሩት እንደየጥንዱ ይለያያል፤ በሚቀጥለው ተልዕኮ እሷን ከሎጋን ጋር ውሰድ። ስትጨርስ ደግሞ መነሻህን ቀይረህ ድገመው። ፖሊስ፣ ተዋናይ ወይም የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ሆኖ መጀመር ይቻላል፤ መክፈቻውም ሌላ ነው።

ጦሳ ሥር፦
ኦፕንጂኤል ሠራ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ቪኪንም ቸል ብያት ኖሯል፤ አሁን እያነጋገርኳት ነው፣ አዲስ መልስ ሰጥታኛለች። ማንዳናን በሚቀጥለው እክሳታለሁ።