ሲአርኤም ገዝተን የሚጠቀምበት ጠፋ፤ ሶፍትዌሩን እንቀይር?

የጎተራዋ (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጉዳይ ነው፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር አስመጥቶ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የሽያጭ ክፍል ኃላፊ ነኝ። 14 ሻጮች አሉን፤ 9ኙ አዲስ አበባ፣ ሌሎቹ አዳማ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር። ዓምና አንድ ነባር ሠራተኛ ሲለቅ የደንበኞቹ ስልክ በሙሉ አብሮት ሄደ። ባለቤቱ በጣም ተናደዱ። "ከእንግዲህ የደንበኛ መረጃ በሰው ኪስ አይቀመጥም" ብለው ሲአርኤም አስገዙን። ለማታውቁት፣ ደንበኛው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደጠየቀና መቼ መልሰን መደወል እንዳለብን በአንድ ቦታ የሚይዝ ሶፍትዌር ነው።

ይኸው ስምንት ወር ሆነው። በየቀኑ የሚገቡበት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። ሌላው በደብተርና በቴሌግራም ነው የሚሠራው። ወር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሁሉም ቁጭ ብሎ ያለፈውን በግምት ይሞላል። ባለቤቱ አሁን ወይ ያልሞላ ኮሚሽን አይከፈለው፣ ወይ ሌላ የተሻለ ሶፍትዌር ይገዛ እያሉ ነው። ሁለቱም አላማሩኝም፤ ግን የምመልሰው የለኝም። በዚህ ያለፋችሁ ምከሩኝ።

ሽያጭ 11 ዓመት
እህቴ፣ ከሻጩ ወገን ሆኜ ልንገርሽ። እኔም ደብተሬን ይዤ ሲስተሙን ባዶ የተውኩበት ጊዜ ነበር። ስንፍና አልነበረም። ደንበኛዬ እንጀራዬ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር እየደወልኩ፣ ለቅሶ እየደረስኩ ያፈራሁትን ሰው ነገ ለሌላ ይሰጡብኛል ብዬ እየፈራሁ እንዴት ልጻፈው?

ራስሽ እንዳልሽው ሶፍትዌሩ የተገዛው አንድ ሰው ስለለቀ ነው። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ። የሰሙት "ብትሄዱም ግድ የለንም" የሚል ነው።

እኛ ጋ ነገሩ የተቀየረው አንድ ገጽ ደንብ ወጥቶ ሁላችንም ከፈረምንበት በኋላ ነው። ደንበኛውን ቀድሞ የመዘገበ ሰው፣ ሌላው ቢሸጥለት እንኳ ለአንድ ዓመት ከኮሚሽኑ ድርሻ አለው። ያኔ ደብተሩ ሁሉ ከየኪሱ ወጣ። ኮሚሽን መከልከሉን ግን ተዪው። ሰው ገንዘቡን ለማስለቀቅ ያላናገረውን ደንበኛ አናገርኩ ብሎ ይጽፋል።

ዳታ አጽጂ
ሁለት ጥያቄ። አንድ ደንበኛ ለመመዝገብ ስንት ሳጥን ይሞላል? የድሮው መረጃ ሲገባስ ጸድቶ ነበር?

የጎተራዋ
አሁን ቆጠርኩት። 31 ነው። 19ኙ ካልተሞሉ አያሳልፍም፤ ፋክስ ሁሉ አለበት። የድሮውን ኤክሴል ደግሞ እንዳለ ነው የገለበጥነው።

ዳታ አጽጂ
እንግዲያው ሶፍትዌር አትቀይሩ። ያው ችግር ተከትሏችሁ ይሄዳል።

በአማርኛ ስም የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚገጥመው እዪ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ደንበኛ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። ሻጩ ደንበኛውን ፈልጎ ሲያጣው እንደገና ይመዘግባል። ከዚያ ሁለት ልጅ ወደ አንድ ሰው ይደውላል። ደንበኛው ይቆጣል። ሻጩም ሲስተሙን ማመን ያቆማል፤ አንዴ ካላመነው ደግሞ ተመልሶ አይከፍተውም።

ስለዚህ መለያው ስም አይሁን። ለግለሰብ ስልክ ቁጥር፣ ለድርጅት ቲን ቁጥር ይሁን። ስልኩም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይግባ፤ አንዱ በ09፣ ሌላው በ+2519 ከጻፈ ያው መደጋገም ነው። የ07 ቁጥሮችን እንደ ስህተት የሚመልስ የቆየ ቅንብር ካለም አስተካክሉ። "የቤተሰብ ስም" የሚለውን ሳጥን የአባት ስም በሉት።

ሰዓቱንም እዪልኝ። ደንበኛ "ከጥምቀት በኋላ ደውልልኝ፣ ጠዋት 3 ሰዓት" ይላል። ልጁ 3:00 ብሎ ያስገባል። ማስታወሻው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጮኻል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሰው ማስታወሻውን የሚያጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ለንደን ያለሁ
እዚህ እንግሊዝ በዘርፉ ያለን ሰዎች የምናነሳው አንድ ጉዳይ አለ። ቢስካይቢ የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ በ2000 እ.ኤ.አ. ለስኮትላንድ የጥሪ ማዕከሎቹ አዲስ የደንበኞች ሲስተም እንዲሠራለት ኢዲኤስ ከሚባል ድርጅት ጋር ተዋዋለ። ዋጋው 48 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ ሥራ የሚጀምረው በዘጠኝ ወር ተባለ። አልሆነም። ቢስካይቢ በ2002 ሥራውን ራሱ ተረከበ፤ እስኪጨርሰው ዓመታት ፈጀ፣ ወጪውም ብዙ እጥፍ ሆነ።

በ2010 ፍርድ ቤቱ፣ ኢዲኤስ የጊዜውን ቃል የሰጠው ተገቢ ጥናት ሳያደርግ ነው ብሎ ወሰነ። ኢዲኤስን ቀደም ብሎ የገዛው ኤችፒ 318 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ጉዳዩን ዘጋው። በክርክሩ ላይ የኢዲኤስ ዋና ምስክር አለኝ ያሉት የማስተርስ ዲግሪ ከኢንተርኔት የተገዛ መሆኑ ታወቀ። የቢስካይቢ ጠበቃ ለውሻው ከዚያው "ኮሌጅ" ዲግሪ አውጥቶ አሳየ።

ይህን ያነሳሁት ለባለቤቱ ነው። አዲስ የሶፍትዌር ሻጭ መጥቶ "በሁለት ወር እንጨርሳለን" ሲላቸው "ምኑን አጥንተህ ነው?" ይበሉት። ከዚህ በፊት የሠራላቸውን ሁለት ድርጅቶች ስልክ ይቀበሉት፣ ይደውሉ።

ሌላው ጊዜ ነው። በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ ዋየርለስ የተባለው የሞባይል ኩባንያ በኅዳር 2003 እ.ኤ.አ. የደንበኞች ሲስተሙን ያሻሻለው፣ ደንበኞች ስልክ ቁጥራቸውን ይዘው ኩባንያ እንዲቀይሩ በተፈቀደበት ሰሞን ነበር። ሲስተሙ ተጨናነቀ፤ ብዙ አዲስ ደንበኛ ማስገባት አቃተው። እናንተም በመስኖው ወቅት፣ ፓምፕ በሚሸመትበት በበጋ ምንም አትቀይሩ። ክረምት ላይ አድርጉት።

ባለድርጅት፣ መገናኛ
እኔ ቀጣሪ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔም ነበር። ሠራተኞቼን ሲስተሙን ሙሉ እያልኩ ራሴ አንድ ቀን ገብቼ አላየሁም። ሪፖርት በኤክሴል ነበር የምጠይቀው። ሰው ደግሞ አለቃው የሚያየውን ነው የሚሞላው።

አሁን ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ሲስተሙን በፕሮጀክተር እከፍታለሁ። ሌላ ወረቀት አይገባም። የእያንዳንዱን ሦስት ትልልቅ ደንበኞች እናያለን። የምጠይቀው "ለምን አልሸጥክም" ብዬ አይደለም፤ "ምን ላግዝህ" ብዬ ነው። ቅናሽ ካስፈለገ እዚያው እወስናለሁ። ያልተመዘገበ ደንበኛ ውሳኔ አያገኝም።

ሌላው ለሻጩ የሚያተርፈው ነገር መስጠት ነው። እኛ ፕሮፎርማ በሲስተሙ እንዲወጣ አደረግን። ድሮ ልጁ ቢሮ ተመልሶ፣ ጸሐፊ ጠብቆ፣ ማህተም አስመትቶ ነበር የሚልከው። አሁን ልጁ የደንበኛው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ከስልኩ ይልካል። ለዚያ ሲል ስሙንም ስልኩንም ይመዘግባል። ያለ ፕሮፎርማ የእኛ ፕሮጀክት ይሞት ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ለጋሼ ንገሪያቸው።

ኮድ ጸሐፊ፣ ባሕር ዳር
ስለ ዋጋ ብቻ ልጨምር። በሰው ቁጥር በዶላር የሚከፈል ከሆነ አስቡበት። በሐምሌ 2016 ብር ከተንሳፈፈ በኋላ ያው ክፍያ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ አሻቅቧል። ኦዱና ስዊትሲአርኤም የሚባሉት ሶፍትዌሮች የፈቃድ ክፍያ የሌለው ስሪት አላቸው፤ ግን የሚተክልና የሚንከባከብ ሰው ደመወዝ አለው፣ በነጻ ነው እንዳትሉ። ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የደንበኞችን ስልክ በቴሌግራም ግሩፕ መለጠፉን ካሁኑ አቁሙት።

የጎተራዋ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት አልፏል፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

አዲስ ሶፍትዌር አልገዛንም። 31ዱን ሳጥን ወደ 7 አወረድነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክ፣ ቲን፣ ከተማ፣ የሚፈልገው ዕቃና መልሶ የሚደወልበት ቀን። የኮሚሽኑን ደንብ ሳነብላቸው ልጆቹ ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ "ይሄ በፊርማ ይሆናል?" አለኝ። ባለቤቱ እዚያው ፈረሙ። በማግስቱ ሁለት ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ።

አሁን 14ቱም ባይሆኑ 9ኙ በየቀኑ ይገባሉ። ፕሮፎርማው ገና ነው፤ የሚሠራልን ባለሙያ በሚቀጥለው ሳምንት እጨርሳለሁ ብሎኛል። ምኑን አጥንቶ እንደሆነ ጠይቄዋለሁ። የሐዋሳው ልጅ ግን ኔትወርክ እየተቆረጠበት የሞላው እየጠፋ ነው። ሐሙስ ሄጄ አብሬው ገበያ እውላለሁ፤ ምን ላይ እንደሚቸገር በዓይኔ ልየው። ያለ ኔትወርክ ይዞ ቆይቶ በኋላ የሚልክ ነገር የሞከራችሁ ካላችሁ ከሐሙስ በፊት ጻፉልኝ።