አስቸኳይ፦ የእማዬ ስኳር 287 ሆነ፣ ሽንቷም ቀልቷል

ትዕግስት
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እማዬ ዛሬ ጠዋት በባዶ ሆዷ ስትለካ 287 አለ። ሽንቷም ቀይ ነው። ባለፈው ወር ሐኪሙ ሜታቦሊክ ሲንድረም ነው ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀለም ያለው አትክልት ያድናል ሲባል ሰምታ ቀይ ስር፣ ካሮትና እርድ ፈጭታ ጠዋትና ማታ ትጠጣለች። ታዲያ ስኳሩ እንዴት ጨመረ? መጠኑን ከፍ ላድርግላት?

የፒያሳ ልጅ
አይዞሽ እህቴ፣ ሽንቱ ከቀይ ስሩ ነው። አባቴ ለፋሲካ ሰላጣውን ጥርግ አድርጎ በልቶ በነጋታው «ኩላሊቴ ደማ» ብሎ ሰፈሩን ሁሉ ቀሰቀሰ 😂

መምህሩ
መጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። ወገብ ለሴት ከ88፣ ለወንድ ከ102 ሳንቲ ሜትር በላይ፣ ግፊት ከ130/85 ጀምሮ፣ የባዶ ሆድ ስኳር ከ100 ጀምሮ፣ ትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ ያለ ስብ) ከ150 ጀምሮ፣ ደጉ ኮሌስትሮል ደግሞ ዝቅ ማለት። ከአምስቱ ሦስቱ ካሉ ሜታቦሊክ ሲንድረም ይባላል። የዕፅዋት ቀለም ዋጋ ቢስ አይደለም። የከርከዴው ቅላት አንቶሲያኒን የሚባል የዕፅዋት ቀለም ነው። በ2010 የወጣ ጥናት ላይ 65 ሰዎች ተሳትፈው፣ ከርከዴ የደረሳቸው በቀን ሦስት ኩባያ ለ6 ሳምንት ሲጠጡ የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ 7 ያህል ወርዷል። የቲማቲሙ ቀይ ቀለም ላይኮፒን ደግሞ በዘይት ሲቁላላ ነው ሰውነት በደንብ የሚወስደው። ቀይ ስር ግን ግፊት የሚያወርደው በዋናነት ናይትሬት በሚባለው ንጥረ ነገሩ ነው፣ በቀለሙ አይደለም።

ሰላም ከሪያድ
እርዱ ላይ ቁንዶ በርበሬ ጨምሩበት፣ ያለሱ ሰውነት ብዙም አይወስደውም።

ነርሷ
ትዕግስት፣ መድኃኒቷንስ እየወሰደች ነው? ጁሱ ውስጥ ሌላ ምን ይገባል?

ትዕግስት
የስኳር ክኒኗን ሜትፎርሚኑን እኮ ከሁለት ሳምንት በፊት ትታዋለች፣ ኬሚካል ነው ብላ። ጁሱ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ማር አለ። ገለባውን በወንፊት ታጠልለዋለች። ችግር አለው?

ደጉ
እናትሽ ልክ ናቸው። መድኃኒት አንዴ ከጀመሩት ዕድሜ ልክ ነው። አያቶቻችን ክኒን መቼ ያውቁ ነበር?

ነርሷ
የኔ እህት፣ ነገሩ እዚያው ላይ ነው። ክኒኑ ቆሟል፣ ማር ተጨምሯል፣ የስኳሩን ፍጥነት የሚይዘው ገለባ ተጥሏል። ቀይ ስርና ካሮትም የራሳቸው ስኳር አላቸው። ጁሱን ዛሬውኑ አቁሚ። ቀይ ስሩን ቀቅለሽ ከምግብ ጋር በትንሹ ብትበላ አይከፋም። ክኒኑን ግን በራስሽ ደርበሽ እንዳትሰጫት። አሁን የምታስመልስ፣ በጣም የሚጠማት፣ ቶሎ ቶሎ የምትተነፍስ ወይም የምትፈዝ ከሆነ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ባይኖርባትም ዛሬ ጤና ጣቢያ ትታይ። ቀይ ስር መጠጣቷን ንገሪያቸው፣ ሽንቷን ለደምም ለኪቶንም (ሰውነት በስኳር ፈንታ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣው ነገር) ይዩላት። ደም ካለበት በቀይ ስር ማመካኘት አይቻልም።

መምህሩ
ደጉ ወንድሜ፣ ሜትፎርሚን እኮ ሥሩ ዕፅ ነው። ጋሌጋ የሚባለው ተክል ውስጥ በተገኘ ንጥረ ነገር መነሻ የተሠራ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በ1957 ለስኳር ሕክምና መስጠቱን ጻፈ። ልዩነቱ መጠኑ መታወቁ ነው። ጁስ ውስጥ ያለውን ቀለም ማን ይለካዋል?

ሰላም ከሪያድ
ቁንዶ በርበሬውን አትርሱ!

ደጉ
ይሁን፣ ጋሌጋውን አላውቅም ነበር። ከርከዴውስ ቢጠጡ?

ነርሷ
ስኳር ካልተጨመረበት ይቻላል። ግን የግፊት ክኒን የሚውጥ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር፣ ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል።

እናትነሽ
ይቅርታ፣ ልጠይቅ። ለባሌ የእርድ እንክብል ተልኮለታል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ዋርፋሪን ይወስዳል። ይስማማል?

ነርሷ
አይውሰድ፣ ሊያደማው ይችላል። በወጥ ውስጥ ያለው እርድ እንደወትሮው ይቀጥል፣ እንክብሉን ግን ለሐኪሙ ሳያሳይ እንዳይጀምር። ትዕግስት፣ እማማን ወሰድሻት? አንድ ቃል ጻፊልን።