ስማቸው የማይጠራ ሁለት ወንድማማቾች ያሉበት የህንድ ፊልም፣ የሚያውቀው አለ?

የሄርማታው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ አንድ ፊልም አፋልጉኝ። ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት እዚህ ጅማ፣ መርካቶ ፊልም በፍላሽ ከሚጭን ልጅ ያስጫንኩት ነው። ያኔ ከታላቅ ወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። በሱ ላፕቶፕ፣ ፍራሽ ላይ ተጋድመን አየነው። ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄደ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ስለነበር አብሮ ጠፋ። መጨረሻውን ሳናየው ቀረን።

የማስታውሰው ይኸው። ገጠር ነው፣ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት። አባትየው መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል። ትልቁ ልጅ ሥራ የለውም፣ ቶሎ ቱግ ይላል፣ የሚሰማውን አያወጣም። ትንሹ ተጫዋች ነው። የሚንቃቸው ሀብታም ዘመድ አለ። የሁለቱን ልጆች ስም ግን አንድም ጊዜ አልሰማሁም።

ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ። ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ሁለተኛው የቡና ለቀማ አለፈ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ጊዜ፣ ሰው ፊት፣ «እስከ መቼ?» አልኩት። የአባታችን ቡና የቡ የምትባል ከተማ አካባቢ ነው፤ ኅዳር ላይ ሁለታችንም ሄድን። ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። እሱ በዚያ በኩል ያገላብጣል፣ እኔ በዚህ በኩል። መሃል ላይ እጃችን ሊገናኝ ሲል ሁለታችንም ወደየጎናችን እንመለሳለን። ጆንያ ሲፈልግ «እማዬ፣ ጆንያው የት እንዳለ ጠይቂልኝ» ይላታል። እኔ አጠገቡ ቆሜ! እናቴም ዞራ ትጠይቀኛለች። ድምፅዋ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ፊልሙን ካገኘሁት አብረን እንድናየው ልጠይቀው ነው።

ቢሻን፦
ሂንዲ ነው? ሁለት ወንድማማቾች ያሉበት የህንድ ፊልም እኮ ተቆጥሮ አያልቅም ወንድሜ። ሌላ የምታስታውሰው ነገር የለም?

የሄርማታው ልጅ፦
ከታች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረው። ሂንዲ አይመስለኝም፣ «ሄ» «ሃይ» የሚል ነገር የለውም። ትንሹን ሁሉም «ቺኖዳ፣ ቺኖዳ» ይሉት ነበር። ስሙ መስሎኝ ነበር።

ከቪዛግ የተመለሰ፦
«ቺኖዳ» ስትል አወቅኩት። ቋንቋው ቴሉጉ ነው። እኔ ቪሻካፓትናም፣ አንድራ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት። እዚያ ሀበሻ ተማሪ ብዙ ነበር። ከተማዋን ሁሉም ቪዛግ ነው የሚላት። አከራዬ ይህን ፊልም በዓል በመጣ ቁጥር ይከፍቱት ነበር።

ርዕሱ «ሲታማ ቫኪትሎ ሲሪማሌ ቼቱ» ነው። በሲታ ደጃፍ ያለች የጃስሚን ዛፍ እንደማለት። ዳይሬክተሩ ስሪካንት አዳላ ነው። ትልቁ ቬንካቴሽ፣ ትንሹ ማሄሽ ባቡ፣ አባትየው ፕራካሽ ራጅ። የወጣው እ.ኤ.አ. ጥር 2013 ነው፣ በኛ ጥር 2005፣ በገናና በጥምቀት መሃል። እነሱ ያኔ ሳንክራንቲ የሚባል የመኸር በዓል አላቸው። ከተሜው ሁሉ አገር ቤት ይገባል። ሴቶቹ በማለዳ ደጃፋቸውን ጠርገው፣ በነጭ ዱቄት መሬቱ ላይ ሙጉ የሚሉትን ጌጥ ይስላሉ። ጣታቸው መሃል ዱቄቷን ቆንጠር አድርገው፣ መስመሯን ሳያነሱ ሲያዞሯት ቆሜ እያየሁ ከክፍል አርፍጃለሁ። ትልልቅ የቤተሰብ ፊልሞችም ለዚህ በዓል ይጠበቃሉ።

ስለ ስማቸው ልክ ነህ። ሆን ተብሎ ነው ያልተጠራው። አንዱ «ፔዶዱ»፣ ሌላው «ቺኖዱ» ነው፣ ትልቁ እና ትንሹ ማለት ነው። እኛ ቤት በኦሮምኛ ሀንጋፋ እና ቁጢሱ እንደምንለው። አንተም እኮ ጥያቄህን ስትጽፍ «ትልቁ»፣ «ትንሹ» ብለህ ነው የጻፍከው።

መጨረሻውን አልነግርህም። የሚያልቀው ባድራቻላም ላይ እንደሆነ ብቻ ያዝ፤ ጎዳቫሪ ወንዝ ዳር ያለ ትልቅ የራማ ቤተ መቅደስ ነው። የቀረውን ከወንድምህ ጋር እየው።

ሰብለ ከአጋሮ፦
እኔም አይቼዋለሁ። ሁሉም ስለ ወንድማማቾቹ ያወራል፣ እኔን የምታሳዝነኝ እነሱ ቤት የምትኖረው ልጅ፣ ሲታ ናት። ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ፣ ትልቁን እየወደደች የምትጠብቀውም እሷ። እሱ ግን አንድ ደህና ቃል ይከብደዋል። ደግሞ ዘመዱ አይደለችም እንዴ? እናቴ እዚያ ላይ ስትደርስ «ዝጊው!» አለችኝ።

ከቪዛግ የተመለሰ፦
እህቴ፣ እናትሽ እውነታቸውን ነው፣ እኛ አገር ነውር ነው። እዚያ ግን የእናት ወንድም ልጅ ወይም የአባት እህት ልጅ ለጋብቻ የምትታሰብ ናት፣ «ማራዳሉ» ይሏታል። የአባት ወንድም ልጅ ደግሞ እህት ናት፣ አትነካም። አከራዬ ይህን በሽምብራ ፍሬ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ነው ያስረዱኝ። ስለ ሲታ ያልሽው ግን ልክ ነው። ፊልሙ ለሷ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ሊሰጣት ይገባ ነበር።

ቢሻን፦
የሄርማታው ልጅ፣ ፊልሙን አትጠብቅ። ዛሬውኑ ደውልለት። ይቅርታ መጠየቅ ያለብህ አንተ ነህ፣ ራስህ ጽፈኸዋል።

የሄርማታው ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቢሻን፣ እውነትህን ነው። ትናንት ማታ ደወልኩ፣ አላነሳም። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ሰው ፊት ያልኩህ ነገር ሁሌ ያንገበግበኛል። ይቅርታ አድርግልኝ። ያ መብራት የጠፋበት ፊልም ተገኝቷል።»

ሌሊቱን ሙሉ መልስ የለም። ጠዋት ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። አንድ መስመር ነው የጻፈው።

«ባትሪውን ቀይሬዋለሁ። ቅዳሜ ና።»