በትንሽ ገንዘብ በፈረስ ውድድር መወራረድ፦ ለአንድ ውድድር ስንት ልመድብ?

ጥያቄ
ከወር ወጪዬ የተረፈ ትንሽ ገንዘብ ለፈረስ ውድድር ውርርድ ብቻ ብዬ ለይቼ ነበር። ለሦስት ወር ይበቃኛል ያልኩት በሁለት ቅዳሜ አለቀ። የሚያንገበግበኝ ምርጫዬ ያን ያህል መጥፎ አለመሆኑ ነው፤ ከ18 ውድድር አራቱን አግኝቻለሁ። ጠዋት በትንሹ እጀምራለሁ፣ ስሸነፍ ግን እጥፍ እያደረግሁ እመድባለሁ። አሁን ያንኑ ያህል እንደገና ለይቻለሁ። እንዴት ላስተዳድረው?

የመጀመሪያ መልስ
ወንድሜ፣ በሽታህን ራስህ ተናግረኸዋል። ገንዘቡን 100 እጅ አድርገህ ክፈለው። ለአንድ ውድድር አንድ እጅ፣ እጅግ ባመንክበት ጊዜ ሁለት፤ ከዚያ አትለፍ።

እጥፍ ማድረግ ምን እንደሚያደርግህ በወረቀት ላይ ጻፈው፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32። ስድስት ጊዜ ስትሸነፍ 63 እጅ ሄዷል። ለሰባተኛው 64 ያስፈልግሃል፣ በእጅህ ያለው ግን 37 ነው። ከ18 አራት የሚያገኝ ሰው ደግሞ ቀጣዮቹን ስድስት ውርርዶች በሙሉ የመሸነፍ ዕድሉ ከመቶ 22 ገደማ ነው። ይህ ክፉ ዕድል አይደለም፣ የዘወትር ነገር ነው። በአንድ እጅ ብትሄድ ግን ከስድስቱ ሽንፈት በኋላም 94 ይዘህ ትነሣለህ።

ሁለተኛ መልስ
አንድ እጅ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም እላለሁ። በ1956 እ.ኤ.አ. ጆን ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ያወጣው ቀመር አለ፤ መደቡን ከዕድሉና ከክፍያው ጋር ያያይዛል። አንድ ፈረስ ለመደብከው አንድ እጅ አራት እጅ ትርፍ ቢከፍልና የማሸነፍ ዕድሉ ከመቶ 25 ነው ብለህ ብታምን፣ ቀመሩ ከገንዘብህ ከመቶ 6 ገደማ መድብ ይልሃል።

የመጀመሪያው መላሽ
ቀመሩን አከብራለሁ። ችግሩ ያ 25 የማን ግምት ነው የሚለው ነው። እውነተኛው ዕድል 20 ቢሆን ያው ቀመር ምንም አትመድብ ይላል። አምስት ነጥብ ብቻ ስትሳሳት ከስድስት እጅ ወደ ዜሮ! ገና መዝገብ የሌለው ሰው ግምቱን በምን ይመዝነዋል? መቶ ሁለት መቶ ውርርድ ይመዝግብና ያን ጊዜ እንነጋገር።

ሦስተኛ መልስ
በጋራ ቋት በሚሠራ ውርርድ፣ ማለትም የሁሉም ተወራራጅ ገንዘብ አንድ ላይ ተሰብስቦ ላሸነፉት በሚከፋፈልበት፣ ክፍያው ከመታደሉ በፊት የአወራራጁ ድርሻ ይነሣል። በብዙ ቦታ ለአሸናፊ ብቻ ከሚመደበው ከመቶ 15 እስከ 20 ይቆረጣል፤ የሁለትና የሦስት ፈረሶች ደረጃ በሚገመትበት ደግሞ ቆረጣው አብዛኛውን ጊዜ ይከብዳል። አራት ፈረስ መርጠህ ከእነርሱ ሦስቱ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ በማንኛውም ቅደም ተከተል ይግቡልኝ ብትል፣ እያንዳንዱ ቅደም ተከተል አንድ ትኬት ስለሆነ 24 ትኬት ነው የገዛኸው። ትንሽ ገንዘብ የያዘ ሰው ከዚህ ይራቅ።

አራተኛ መልስ
እኔን ያጠፋኝ የቀኑ የመጨረሻ ውድድር ነበር። ቀኑን ሙሉ የከሰርኩትን በእርሱ ልመልስ እያልኩ፣ ፈረሶቹ ወደ መነሻው ሲገቡ ስማቸውን እንኳ ሳላነብ እመድብ ነበር። አሁን የቀኑን አምስት እጅ በፖስታ አድርጌ እወጣለሁ፤ የባንክ ካርዴ ከቤት አይወጣም። ፖስታው ባዶ ሲሆን የቀረውን ውድድር ቆሜ አያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጄ ኪሴን ሲፈልግ ይውል ነበር፣ በኋላ ግን ለመደ።

ጠያቂው
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የድሮ ትኬቶቼን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየሁ። ያገኘሁባቸው አራቱም ጠዋት በትንሹ የመደብኩባቸው ናቸው፤ ትልልቆቹ መደቦች ሁሉ የከሰዓት ናቸው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ገንዘቡ ሲቀንስ እጁንም ልቀንስ?

የመጀመሪያው መላሽ
አዎ፣ ግን በየቀኑ አይደለም፣ በወር አንድ ጊዜ። በወሩ መጨረሻ 80 ቀርቶህ ከሆነ እርሱን እንደገና 100 ቦታ ክፈል። ግማሹ ከሄደ ሁለት ወር አቁምና መዝገብህን አንብብ። ከቤት ወጪ ወይም ከብድር ልጨምር የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ግን ስለ እጅ መጠን አትጠይቀን፤ ያኑ ዕለት አቁመህ ለቅርብ ሰው ንገር።