ቁመት ለመጨመር ብዬ እግሬን ላስቆርጠው ወይ? እስቲ ምከሩኝ

ሰላም ወገን፣ ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ 27 ዓመቴ ነው፣ ቁመቴ ደግሞ ጫማ አድርጌ እንኳን 1.60 ሜትር አይሞላም። ባለፈው አሞራ ገደል አሳ ልበላ ሄጄ አስተናጋጁ ልጅ ሳህኑን ሲያስቀምጥ "ማሙሽ ዳጣ ልጨምርልህ?" አለኝ፣ ከኔ እኮ በ10 ዓመት ያንሳል፣ ሳቅኩ ግን አሳው አልወርድ አለኝ። አሁን ቱርክ ሄጄ የእግር ማስረዘም ኦፕራሲዮን ልሰራ እያሰብኩ ነው። አጥንቱን ይቆርጡትና በቀን 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቀስ እያሉ ያራርቁታል፣ ክፍተቱ ላይ አዲስ አጥንት ይበቅላል፣ ዘዴውን ያመጣው ኢሊዛሮቭ የሚባል የሶቭየት ሐኪም ነው፣ እሱ እንኳን ለተሰባበረ እግር ብሎ ነበር እንጂ ለኔ ቢጤው አልነበረም ሃሃ። 5 ሴንቲ ለመጨመር ማራዘሙ ብቻ 50 ቀን ገደማ፣ ከዛ እስኪጠነክር ወራት፣ ኢንፌክሽን አለ፣ ነርቭ መጎዳት አለ፣ ፊዚዮቴራፒ ካልተሰራ መገጣጠሚያው ይደርቃል። ብሩ ባጃጄን ሸጬም አይሞላም፣ እናቴ ደግሞ "ደህና እግር ይዘህ?" ብላ አለቀሰች። የተሰራ ሰው ካለ ህመሙ እንዴት ነው? ስንት ወር ከስራ ውጪ ሆናችሁ? ከተመለሳችሁ በኋላስ ክትትሉን እዚህ ያለ የአጥንት ሐኪም ይቀበላል? እባካችሁ "ራስህን ተቀበል" ብቻ እንዳትሉኝ፣ እሱን በየቀኑ ለራሴ እላለሁ።