የክረምት ዕቅድ፦ ወንዞቹ ሲሞሉ መረባችንን ከየት እናንሳ?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ሐሳባችንን ለወረዳው ከማስገባታችን በፊት እዚሁ እንጨርሰው። ረቂቁ አጭር ነው። ከሰኔ 15 እስከ ጥቅምት 15 ድረስ ጣና ሐይቅ ከሚገቡት ከጉማራ፣ ከርብ፣ ከመገጭና ከግልገል አባይ ወንዞች አፍ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ መረብ አንጥልም። በሌላው የጣና ክፍል የመረባችን ዓይን ተወጥሮ ሲለካ ከ10 ሴንቲ ሜትር አያንስ።

ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ወንዙ መሙላት ሲጀምር ነጭ ዓሣ አፉ ላይ ይሰበሰባል። ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ ጠጠር ላይ ዕንቁላሉን ይጥላል። ደጃፉ ላይ መረብ ከዘረጋንበት ማን ይወጣል? ሞተር ጀልባና ናይሎን መረብ ጣና ከገቡ ወዲህ ነጭ ዓሣ እጅግ ቀንሷል። ነጭ ዓሣ ከምንላቸው ዝርያዎች አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ ሌላ የትም አይገኙም።

ከጉማራ አፍ በኩል ያለ አባል፦
ሐሳቡ እውነት ነው። ባለፈው ሐምሌ ሊነጋጋ ሲል መረቤን ስስብ ግንድና የእንቦጭ ሥር ይዞ መጣ። መሐሉ ላይ አንዲት ትልቅ ነጭ ዓሣ ነበረች። ከመረቡ ሳላቅቃት ዕንቁላሏ በጣቶቼ መሐል እየሾለከ ታንኳው ላይ ፈሰሰ። ቢጫ ነው፣ ደቃቅ። ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋም።

ግን እኔ ያለኝ የደንገል ታንኳ ነው። ሰኔ ላይ ውሃው ገና ዝቅ እንዳለ ነው፤ ዳሩ ጭቃ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ከተነሳ ወደ መሐል አልገባም። ሞተር ያለው 2 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እኔስ ልጆቼን ምን ላብላ?

ዓሣ ነጋዴ፦
ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። ግን ከገበያው በኩል ልንገርህ። ሁዳዴ ላይ ዓሣ ይፈለጋል። ክረምት ላይ ገበያው ይቀዘቅዛል። ከወንዝ አፍ በአንድ ሌሊት የሚወጣው ሁሉ ባንዴ ይመጣል። በረዶ የለንም፤ ቋንጣ እንዳናደርገው ፀሐይ የለም። መንገዱም ጭቃ ነው። ባለፈው ዓመት ግማሹን ለመጣያ በሚሆን ዋጋ ነው የሸጥኩት። ትንሽ ትንሽ ቀረሶ (ቲላፒያ) በየቀኑ ቢመጣልኝ እመርጣለሁ። ዋጋውም ይሻላል።

ባለ ሞተር ጀልባ አባል፦
እህቴ ልክ ነሽ። በሰኔ ቀረሶ ደንገሉ አጠገብ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ይገኛል። መረቡን አመሻሽ ላይ ጥሎ ጎህ ሲቀድ ማንሳት ነው። ከረፈደ ነፋሱ ይመጣል። ጎርፉ ሲጀምር ደግሞ እኔ የማየው ድፍርሱ ውሃ ከጠራው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ነው። እዚያ ዓሣው መረቡን አያይም። ወንዙ ውስጥ ሳይገባም በቂ ይያዛል። አምባዛ ሣሩ በውሃ ሲዋጥ ወደዚያው ይወጣል፤ እሱን በመንጠቆ እንያዘው።

ለታንኳ ባለቤቶች አንድ ሐሳብ አለኝ። ሞተር ያለን አባላት የእነሱን መረብ በተራ እንጫንላቸው። ቤንዚኑ ከማኅበሩ ካዝና ይሁን። እኔ ማክሰኞና ዓርብ እወጣለሁ፤ ሁለት ሰው እጭናለሁ።

ከጉማራ አፍ በኩል ያለ አባል፦
ይሄ ከሆነ እፈርማለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ይጨመርልኝ፤ እኛ አፉን ብንለቅ ከወንዙ ላይኛው በኩል ያሉት ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ገባር ወንዙ ላይ ከበተኑ ምን ዋጋ አለው? ትልቁም ትንሹም ነው የሚያልቀው። አሸዋና ጠጠር የሚያወጡትም አሉ። ዕንቁላሉ የሚያርፍበት ቦታ አብሮ ይሄዳል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ተቀብያለሁ። የዓሣ ሀብት አዋጁ፣ ቁጥር 315/1995፣ ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው? ውሃው ላይ የምናድረው ግን እኛ ነን። ስለዚህ ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ።

«ከሰኔ 15 እስከ ጥቅምት 15 በአራቱ ወንዞች አፍ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ማንኛችንም መረብ አንጥልም። በዚያው ክልል ታንኳ ያለው አባል አምባዛ በመንጠቆ መያዝ ይችላል። ዕንቁላል የያዘ ነጭ ዓሣ በመንጠቆ ከተያዘ በሕይወቱ ይለቀቃል። ባለ ሞተር ጀልባዎች የታንኳ አባላትን መረብ በተራ ይጭናሉ፤ ነዳጁን ማኅበሩ ይሸፍናል። ወረዳው ከላይኛው ቀበሌዎች ጋር ስለ ብርብራና ስለ ጠጠር ማውጣት ያነጋግርልን።»

የቀረው የመጀመሪያው ቀን ነው። አንዳንዶች ሰኔ 15 ይፈጥናል፣ ሐምሌ 1 ይሁን ብላችኋል። እኔ ሰኔ 15ን እይዛለሁ፤ ዓሣው መሰብሰብ የሚጀምረው ጎርፉ ሳይበረታ ነው። ከርብና ከመገጭ በኩል ያላችሁ ገና አልጻፋችሁም። ውሃው መቼ መደፍረስ እንደሚጀምር እስከ እሑድ ንገሩን።